ግሉኮሱን ያልሰቀልኩበት ቀን

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አምባሰል፣ ከጤና ጣቢያው ግቢ

ለእታለሜ ራዚያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጀሊሉ ባለሽበት ይጠብቅልኝ። ከሰላምታዬ ቀጥሎ የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፦ ልጅሽ ኢልሀም ደህና ናት። ይህን ስጽፍ አልጋዬ ላይ ተጋድማ ተኝታለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከእኔ ደብዳቤ መጣ ሲሉሽ ልብሽ ቀጥ እንደሚል ስለማውቅ ነው ከመጨረሻው የጀመርኩልሽ። አሁን ቁጭ በዪና ቀስ ብለሽ አንብቢኝ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቅቶኛል። ከማዳምሽ ተደብቀሽ በምትደውዪባት አሥር ደቂቃ ውስጥ እማዬ ትመርቅሻለች፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ይሄን ነገር ደግሞ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን ስትገምቺ እንድታድሪ አልፈለግኩም። የጎረቤታችን ልጅ ሀኒያ እረፍቷን ጨርሳ እሑድ ወደ ኩዌት ትመለሳለችና በእጇ ሰድጄልሻለሁ።

ጥቅምት 24 ሰኞ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚታዩበት ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አጎታችን ሙሐመድሁሴን በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ታቅፈዋል፤ እማዬ ከኋላቸው ናት። ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው አልኩ በሆዴ። ወላሂ ራዚያ፣ አላወቅኋትም። ፊቷ ተነፍቶ ዓይኖቿ ተከድነዋል። ያ ጥቁር ጸጉሯ ሳስቶ እንደ በቆሎ ጸጉር ቀልቷል።

«ኢልሀም ናት እኮ! ምን ቆመሽ ታያለሽ?» ሲሉኝ ነው የእህቴን ልጅ የለየኋት።

ከቅዳሜ ጀምሮ ሲያስቀምጣት ነበር። እስከ አስፋልቱ ተሸክመው፣ ከዚያ በባጃጅ ነው ያመጧት። አልጋው ላይ አስተኝቼ የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ሦስት ቆጥሬ ስለቀው ጎድጉዶ ቀረ፣ ሊጥ የነካሁ ይመስል። ሌላኛውም እግሯ እንደዚያው፣ እጆቿም፣ ፊቷም። ጭኗ ላይ ቆዳዋ ይላጣል። እታለሜ፣ ምግብ የጎደለበት ልጅ ሁሉ አይከሳም። አንዳንዱ ሥጋው ውስጥ ውኃ ይቋጥርና ያብጣል። የማያውቅ ሰው ሲያየው ወፈረ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። የመውሊድ ዕለት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ጉንጮቿ ሙልት ብለው፤ አንቺም «ማሻአላህ፣ ወፈረችልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። እኔም አየሁት። የልብ ምልክት ሰደድኩበትና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ቀን በቀን የሰው ልጅ እግር እየተጫንኩ የምውል ነርስ፣ ኩፍኝ ይዟት ገና አንድ ወር ያልሞላትን የእህቴን ልጅ ፊት አይቼ ምንም አላልኩም። የዚያን ሰኞ የተጫንኩት እግሯ ጎድጉዶ ሲቀር ትዝ ያለኝ ያ ፎቶ ነው። ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ግን አሁን አትመልሺልኝ፣ ጨርሰሽ አንብቢ።

አብራኝ የምትሠራው ነርስ ሰርካለም ልጅቷ ማን መሆኗን ስታውቅ ክንዴን ያዘች። «ሀውራ፣ አንቺ ቤተሰብ ነሽ። ልጅቷን ለእኔ ተይልኝና ውጪ ጠብቂ» አለችኝ። ትክክል ናት፣ የገዛ ሰውን ማከም ዓይን ያሳውራል። ግን የዚያን ቀን ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። የጤና መኮንናችን ባድሩ ለስብሰባ ውጫሌ ሄዷል፣ ስልኩ አይሠራም። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ደሴ ወርዷል።

«አብረን እንያዛት» አልኳት። «የለካሁትን ሁሉ ደግመሽ ለኪው። ስሳሳት ካየሽ እጄን ያዢው።»

ሙቀቷ ሠላሳ አራት ከስምንት ነበር። ትኩሳት ሲጠፋ ሰው ደስ ይለዋል፤ እንደዚህ የተጎዳ ልጅ ሲቀዘቅዝ ግን ከትኩሳት ይብሳል። የደም ስኳሯ አርባ ስድስት ሆነ፣ ይሄም ዝቅተኛ ነው። ስትጠራ ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች። እማዬን «ቀሚስሽን ክፈቺና ራቁቷን ደረትሽ ላይ አድርጊያት» አልኳት። ወዲያው አደረገችው። በብርድ ልብስ ሸፈንኳቸው፣ ለኢልሀም ኮፍያ አጠለቅንላት። ከዚያ በአፍንጫዋ ወደ ሆዷ የሚወርደውን ቀጭን ቱቦ ለካሁና አስገባሁ። የስኳሩን ውኃ በቱቦው ቀስ አድርገን ሰጠናት፣ ሰርካለም የኢንፌክሽን መድኃኒቱን ወጋቻት።

አጎታችን እስከዚህ ድረስ ከአልጋው ራስጌ ቆመው ሲያዩ ነበር።

«ግሉኮሱስ?» አሉ።

«አይሰቀልላትም፣ አጎቴ።»

«ምን አልሽ?»

«እንደዚህ ላበጠ ልጅ አይሆንም። ልቧ ደክሟል። በደም ሥሯ ብዙ ውኃ በአንዴ ከገባ መግፋት አትችልም፤ ሳንባዋ ውስጥ ይገባና ያፍናታል። በቱቦው ጥቂት ጥቂት እንሰጣታለን።»

«ስሚ ሀውራ፣ ልጅቷ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ ሆና ፈስሳ አልቃለች። ከንፈሯን አታይም? አምና የኛ ሰፈር ልጅ አለቀለት ስንል በግሉኮስ አይደለም ወይ ብድግ ያለው?»

«እሱ አላበጠም ነበር።»

«ለሰው ልጅ ስትሰቅሉ ትውሉና የእህትሽ ልጅ ስትሆን ነው የምትሰስቺው? ራዚያ ብትሰማ ምን ትላለች?»

ይቺን ነጭ ጋውን የለበስኩት በማን ላብ እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። የሚያመኝን ቦታ አውቀው ነው የወጉኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እናቶች ሁሉ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። «አጎቴ፣ አፈር ስሆን ይስሙኝ፤ ግሉኮሱ ይገድላታል» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ከአልጋው ላይ መንጭቀው ወጡ። ልጅቷን ትተውልኝ በመውጣታቸው ብቻ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

አንድ ነገር ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ለአንቺ ልንገርሽ። እንዲህ ያለ ልጅም ቢሆን በደም ሥር የሚሰጠው ጊዜ አለ። የደሟ ዝውውር ከከዳት፣ እጇ ከቀዘቀዘ፣ ተጭነሽ የለቀቅሽው ጥፍር ቀይነቱ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከዘገየ፣ ራሷንም ከሳተች፣ ያኔ በጥንቃቄ እየተለካ ይሰጣታል። ያኔ ካልሰጠሻት ትሞታለች። ሳያስፈልጋት ከሰጠሻትም ትሞታለች። በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ሰከንድ ልዩነት ነው። ጠዋት ስንለካ ሁለት ሰከንድ ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ እየተፈራረቅን ተጫንን፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ከጎድኗ ሥር የጉበቷን ጠርዝ ዳብሼ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ጉበቷ ከመስመሩ ከወረደ ውኃ በዝቶባታል ማለት ነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተከታትሎ ሁለት ጊዜ አስቀመጣት። ለእያንዳንዱ የሚገባትን የሕይወት አድን ውኃ በጥብጠን በቱቦው ሰጠናት። ወዲያው ግን እጇ ቀዘቀዘብኝ። ስጠራት ዓይኗን አልገለጠችም።

አጎታችን የተመለሱት በዚህ ሰዓት ነው። ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ከረጢትና መርፌውን ከነገመዱ ገዝተው መጥተዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይኸው። ስቀዪው።»

«አጎቴ…»

«ወይ ስቀዪው ወይ ልጅቷን ስጪኝ። ባጃጅ በር ላይ አቁሜያለሁ፤ የሚሰቅልላት ቦታ እወስዳታለሁ። ባንቺ እልህ የወንድሜን የልጅ ልጅ አልቀብርም።»

ወደ እማዬ እጃቸውን ዘረጉ። በመካከላቸው ገባሁ። ከአጎታችን ጋር ደረት ለደረት ተፋጥጬ ስቆም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ለካ እሳቸው እያለቀሱ ኖሯል።

«ሰርካለም፣ ጥፍሯን» አልኩ።

ተጫነችው። «ሦስት» አለች።

እኔ ተጫንኩት። ሦስት ይሁን አራት መለየት አቃተኝ። ራዚያ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የደም ሥር መርፌውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ክንዷን በላስቲክ አሰርኩ። አጎታችን «ቢስሚላህ በዪ» አሉኝ። ጣቴ ደም ሥሯን አግኝቶት ነበር። የጎደለኝ መውጋት ብቻ ነው።

እጄን የያዘችው ሰርካለም ናት፣ እንደተነጋገርነው። «ሀውራ፣ ቆይ። ክንዷን ከብርድ ልብሱ አውጥተሽ ነው የያዝሽው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥፍሯ ሊያሳስተን ይችላል። ደረቷ ላይ እንየው።»

ደረቷ ከእማዬ ገላ ጋር ተጣብቆ ሞቋል። መሐል አጥንቷ ላይ ተጫንኩና ጣቴን አነሳሁ። ነጭ ሆነ። አንድ። ሁለት ስል ተመለሰ። ደገምኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ተመለሰ። ሰርካለምም ሁለት አለች። ጣቷን ወግተን ስኳሯን እንደገና ለካን፣ አርባ ዘጠኝ። ራሷን የሳተችው ስኳሩ ስላነሳት ሊሆን ይችላል አልኩ። ስኳሩን በቱቦ ደግሜ ሰጠኋት። ላስቲኩን ከክንዷ ፈታሁ፣ መርፌውን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

«አጎቴ» አልኩ፣ «አሥራ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ። በዚያ ውስጥ ካልነቃች እኔው ራሴ እሰቅለዋለሁ። ሞታ ከተገኘችም ኃላፊነቱ የእኔ ነው፤ ለራዚያም የምነግራት እኔ ነኝ።»

ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረጉ ነበር። ከጎናችን ያለው አልጋ ላይ ከግሸን ማርያም ሰፈር የመጣች እናት ልጇን ታቅፋ «እመብርሃን» ትላለች። የግድግዳውን ሰዓት ማየት ፈርቼ የኢልሀምን ትንፋሽ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት። ጉበቷ ከመስመሩ አልወረደም። አምስት ደቂቃ። ስምንት። አሥር።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቱቦውን በውኃ ሳጥብ ፊቷን አኮማተረችና አለቀሰች። ለቅሶ እንኳ አይባልም፣ እንደ ድመት ግልገል ነው። ዓይኗን ገለጠች። እጇን አንስታ ቱቦውን ልትነቅል ስትሞክር ሰርካለም «እሰይ! ተጣዪ፣ ተጣዪ የኔ ጀግና!» ብላ ጮኸች።

ቀሪውን ከሰዓት በየሁለት ሰዓቱ የተጎዱ ልጆች የሚጠጡትን ወተት በቱቦው ሰጠናት። በሲሪንጅ አንጠባጥበን፣ ቸኩለን እንዳናንቃት እየፈራን። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ድንገት «ውይ!» ብላ ተነሳች። ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ኢልሀም ሸንታባታለች።

«ሸናች!» አልኩ። «አጎቴ፣ ሸናች!»

አጎታችን እንደ እብድ አዩኝ። ሽንት ከመጣ ደሟ እየዞረ፣ ኩላሊቷ እየሠራ ነው ማለት መሆኑን ሳስረዳቸው ብድግ ብለው የእማዬን የራሰ ቀሚስ ጫፍ ይዘው ሳሙት። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት እናቶች እልል አሉ። በሽንት እልል የተባለላት የመጀመሪያዋ ልጅ ያንቺ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ባድሩ ማግስቱን ሲመጣ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር» አለኝ። አጎታችን ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ለእኔና ለሰርካለም ምሳ ይዘው መጡና «ወላሂ ልጄ፣ ባውቅ ኖሮ…» ብለው ጀምረው አልጨረሱትም። ግንባራቸውን ስሜ አስቀመጥኳቸው። ባለማወቃቸው አልፈርድባቸውም። እኔ አውቄ የልብ ምልክት ሰድጄ የለም?

በሳምንቱ እብጠቷ መጉደል ጀመረ። በአሥረኛው ቀን ቱቦውን አወጣንላት። አሁን ገንቢውን ምግብ ከከረጢቱ ራሷ እየጨመቀች ትበላለች፤ ልቀበላት ስል ትነክሰኛለች። ከደብዳቤው ጋር ፎቶዋን ታገኚያለሽ። ከስታ ታያታለሽ፣ አትደንግጪ። ውኃው ወጥቶ እውነተኛው አካሏ ስለታየ ነው። ሥጋው ከእንግዲህ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ነገር ልጻፍልሽ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን የኢልሀምን ልብስ ልወስድ ቤት ሄጄ ነበር። ከእማዬ አልጋ ሥር ቅርጫት አገኘሁ፣ እንቁላል ሞልቶበታል። ከላይ ያሉት ደህና ናቸው፣ ከታች ያሉት ገምተዋል። አንቺ የላክሻቸው የወተት ቆርቆሮዎችም በሰልፍ ቆመዋል፣ አንዱም አልተከፈተም። ታውቂያለሽ፣ በደወልን ቁጥር «ዛሬም እንቁላሏን አብልቻታለሁ፣ ወተቷንም ጠጥታለች» ትለን ነበር። እማዬ ዋሽታ አታውቅም። ያን ጊዜም አልዋሸችም፤ ያበላቻት መስሏት ነው። በአላህ ስም እለምንሻለሁ፣ በስልክ አትጠይቂያት፣ አትቆጪያትም። ደክሟታል። በዚህ ዕድሜዋ ያን ሁሉ ሰዓት ልጅሽን በገላዋ አሙቃ ያተረፈቻት እሷ ናት፤ ይህንን አትርሺባት።

ሁለቱንም ወደ እኔ አምጥቻቸዋለሁ፣ እዚሁ ጤና ጣቢያው አጠገብ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ነን። ተረኛ ስሆን ሰርካለም ታይልኛለች፣ ሰርካለም ከሌለች አጎታችን ይመጣሉ። እሳት ለኩሰን እማዬን ብቻዋን አንተውም። እስካሁን እንደምንም ይዘነዋል። ኮንትራትሽ የካቲት ላይ እንደሚያልቅ ነግረሽኛል። አድሺ ወይም አታድሺ ብዬ አላዝሽም፤ ለሁላችንም እዚያ የቆየሽው አንቺ ነሽ። ብቻ ከመፈረምሽ በፊት ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ደግመሽ አንብቢው።

ጀሊሉ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ። ድካምሽን በረካ ያድርግልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ በዓይንሽ አይተሽ፣ በእጅሽ ዳስሰሽ። አብሽሪ፣ እታለሜ።

ይህን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላለች፣ መቁጠሪያዋን በጣቷ እየገፋች። አሁን ድንገት ቀና ብላ «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ።

«ለራዚያ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ ጉንጬን በመዳፏ ዳበሰችኝና «ምን ነካሽ ልጄ፣ ራዚያ አንቺው አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ታናሽ እህትሽ
ሀውራ